ሹሙ ሰምቶት ባላገሩ ያልሰማው

እንግሊዛዊው ደራሲ ዋልተር ሳቬጅ ላንዶር እ.ኤ.አ. በ1818 ከኮሞ ከተማ ውጣ ተባለ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሞ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ሥር የነበረች፣ በሐር ሥራዋ የታወቀች የሰሜን ጣሊያን ከተማ ናት። የላንዶር ጥፋት ግጥም ነበር። አንድ ጣሊያናዊ ባለቅኔ እንግሊዝን ቢያንቋሽሽ ላንዶር በላቲን መልስ ጻፈበት፤ የከተማው ሹማምንት በዚያ ግጥም እኛም ተዘለፍን ብለው ተነሡበት፤ ነገሩም በመባረር አለቀ።

ከዚህ ታሪክ የሚያስገርመኝ የሹማምንቱ ቁጣ ነው። ላቲንን አፉን የፈታበት ሰው ከጠፋ ያን ጊዜ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗል። የማንም አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ የተጻፈ ዘለፋ ያን ያህል ለምን አስቆጣ? ላቲን የሚያውቁት ራሳቸው ሹማምንቱ ስለሆኑ ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምረው የተማሩት፣ ሹመት ያገኙበት ቋንቋ ነው። ሐር ፈታይዋ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጀልባ ቀዛፊው ግን ከግጥሙ አንዲት ስንኝ አልደረሳቸውም፤ ቢደርሳቸውም ትርጉሙን የሚነግራቸው አልነበረም። በሊቃውንት ቋንቋ የሚነገር ተግሣጽ ከገዢው ጆሮ ይሸሸጋል ብለን ስናስብ ኖረናል። የሚሸሸገው ግን ከተገዢው ነው።

ላንዶር ፈሪ ሰው አልነበረም። በ1808 ናፖሊዮንን ለመውጋት በገዛ ገንዘቡ ፈቃደኛ ወታደሮች አሰልፎ ስፔን ድረስ ዘምቷል። ላቲንን የመረጠው የጊዜ ብዛት የማይለውጠው ቋንቋ እሱ ነው ብሎ ስላመነ ነው፤ በ1820 ስለ ላቲን ክብርና አጠቃቀም አንድ ድርሰት በዚያው በላቲን ጽፎ ተሟግቷል፤ የላቲን ግጥሞቹንም በ1847 ሰብስቦ አሳትሟል። ዛሬ እነዚያን ግጥሞች የሚያነቡ ጥቂት ምሁራን ናቸው። በእንግሊዝኛ የጻፈው ነገር ግን በ1858 በስም ማጥፋት አስከስሶት፣ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ አገሩን ጥሎ ጣሊያን እንዲሰደድ አደረገው። ጉዳዩ የፖለቲካ ሳይሆን የመንደር ጠብ ነበር፤ ይሁንና ያ ጽሑፍ አደባባይ የዋለው ጎረቤት ሁሉ በሚያነበው ቋንቋ ስለተጻፈ ነው።

እኛ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም። በበዓለ ንግሥ ዕለት ከቅኔ ማሕሌት ገብቶ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሁለት ወገን ተሰልፈዋል። ባለቅኔው ወደ ተቀባዩ ጠጋ ብሎ ቤቱን በጆሮው ይነግረዋል፤ ተቀባዩ እየተቀበለ በዜማ ያወጣዋል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ብትሆን ገና ሰሙን ስትይዝ ታልቃለች፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ከሆነ ወርቁ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ከሊቃውንቱ አንዱ ቀድሞ ያገኘዋል፤ ፊቱ ይፈታል፤ “ይበል!” ይላል። ሌሎቹም ይከተላሉ። ከመጋረጃው ወዲህ ነጠላዋን ተከናንባ የቆመችው ምእመን “ይበል” የሚለውን ትሰማለች። ለምን እንደተባለ አታውቅም።

ያ ቅኔ ሹሙን የሚነካ ሊሆን ይችላል። ንጉሡና መኳንንቱ በቆሙበት ባለቅኔው በሄሮድስ፣ በናቡከደነፆር፣ በአክዓብ ስም ሰሙን ሠርቶ ወርቁን እዚያው ፊት ለፊቱ በቆመው ሰው ላይ ይጥላል። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” በሚባልበት አገር ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። ንጉሡ ግዕዝ ባይዘልቅ እንኳ አጠገቡ የቆሙት ሊቃውንት ወርቁን ያወጡለታል። ስለዚህ ተግሣጹ ይደርሰዋል። ብዙ ጊዜም በትዕግሥት ያልፈዋል፤ አንዳንዴም ይሸልማል።

ለምን ታገሠ? አንደኛው ምክንያት የቅኔ ክብሩ ነው፤ ይህን አቅልዬ አላየውም። ግልጽ ስድብ ተሰዳቢውን ከውጭ ይመታዋል፤ እሱም በንዴት ይመልሰዋል። ቅኔ ግን ካልታሰበ አይገባም። ወርቁን ለማግኘት ሹሙ ራሱ መቆፈር አለበት፤ ቆፍሮ ሲያበቃ የሚያገኘው የራሱን ግፍ ነው፤ ክሱ የተጠናቀቀው በባለቅኔው አፍ ሳይሆን በሹሙ ልቡና ውስጥ ነው። ከሳሽ ነው ብሎ የሚጠቁመው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ወቀሳ ሰውየውን እንደ አስተዋይ ይቆጥረዋል፤ ይገባሃል፣ አእምሮ አለህ ይለዋል። ለባለሥልጣን ከዚህ የበለጠ አክብሮትም፣ ከዚህ የበለጠ ሸክምም አላውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ያሳዝነኛል። ሹም የሚጨንቀው ጥፋቱን መስማት አይደለም፤ ጥፋቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የሚጨንቀው ሌላው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መስማቱ፣ ሰምቶም እርስ በርሱ መተያየቱ ነው። ቅኔው ከቅኔ ማሕሌቱ አልፎ ስለማይሄድ ሊታገሠው ይችላል። በሬው ለግብር የተነዳበት፣ ወታደር ቤቱ ገብቶ የተመራበት ባላገር ከደጀ ሰላሙ ቆሟል። የተዘመረው ስለ እሱ ነው። አንድ ሊቅ ለእሱ ብሎ አንገቱን እንደሰጠ አልነገሩትም። የቀረበት ወሬ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ብቻውን አለመሆኑን የሚያውቅበት ዕድል ነው የቀረበት።

አለቃ ገብረ ሐናን እንውሰድ። ፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት እኚህ ሰው የድጓና የቅኔ ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም የሚባለውም የእሳቸው ፈጠራ ነው። አገር ምድሩ የሚያውቃቸው ግን በአማርኛ ቀልዳቸው ነው። በመኳንንቱ ላይ የሰነዘሯት ነገር ከጎንደር ተነሥታ ድሬዳዋ ቡና ላይ ትነገራለች፤ እሳቸው ያላሉት እንኳ “አለቃ ገብረ ሐና አሉ” ተብሎ ይወራል። ቅኔያቸው ከተማሪ ቤት ደጅ እምብዛም አልወጣም። አንድ ሰው፣ አንድ አእምሮ፤ በአንዱ ቋንቋ የተናገረው የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ በሌላው የተናገረው የሊቃውንት ማዕድ ሆኖ ቀረ።

ተግሣጹ ወደ አማርኛ ሲወርድ ደግሞ ትዕግሥቱ እንዴት እንደሚያልቅ ከፋቡላ ታሪክ እናያለን። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከራስ መኰንን ቤት ከሐረር ወጥተው ሩሲያ የተማሩ ናቸው። “ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ” የተባለውን ተውኔት ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች መነሻ ወስደው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። ተዋንያኑ አውሬዎች ናቸው። የቤተ መንግሥት ሰዎች ግን በአውሬው ውስጥ ራሳቸውን አዩ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔት መታየቱ ታገደ። ከዚያ በፊት በየቤተ ክርስቲያኑ ከዚህ የመረረ ነገር በግዕዝ ሲዘመር ያገደው አልነበረም።

ይህን ሁሉ የማስበው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ ሆኜ ነው፤ ነገሩ እዚህ መልኩን ስለሚቀይር። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሐረር መውጣት አቅቶት በ1902 መጨረሻ ከተራራው ሥር ሲቆም፣ ኩባንያው ለራሱ ሰዎች የሠራት ሰፈር ከዚራ ናት። መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ጥላ ዛፍ የተሰለፈላቸው፣ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚያመሩ ናቸው። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ መጋላ አለ፤ ቀፊራ ገበያ፣ ጠባቡ መንገድ፣ ሶማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሐረሪው፣ ዓረብኛው። በዚህኛው በኩል የኩባንያው መዝገብ፣ ትእዛዝና ደብዳቤ በፈረንሳይኛ ነበር። ከግዕዝ ቀጥሎ የመጣብን የሊቃውንት ቋንቋ እዚች ሰፈር ውስጥ ቢሮ ከፍቶ ተቀመጠ።

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የኖሩት በዚህ ከተማ ነው። የዘጌ ልጅ ናቸው፤ በ1868 ተወለዱ፤ ቱሪን ላይ ሥዕል ተማሩ፤ ኔፕልስ ላይ አማርኛ አስተማሩ። በ1908 ሮም ውስጥ ሁለት መጽሐፍ አወጡ። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። ሁለተኛውን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ አበሻ አገር ለሚመጣ መንገደኛ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ መነጋገሪያ ነው።

መነጋገሪያ መጽሐፍ ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል፤ ሰላምታ፣ ገበያ፣ መንገድ። የአፈወርቅ መጽሐፍ ግን እንደዚያ ጀምሮ እዚያ አይቆምም። እንግዳውና አገሬው እያወሩ ሲሄዱ ጨዋታው ወደ አገዛዙ ያዘነብላል። ወታደሩ ባላገሩን እንዴት እንደሚበላው፣ አራሹ ለፍቶ ለማን እንደሚያመርት፣ የሹማምንቱ ነገር ምን እንደሚመስል ይወጣል። ቋንቋ ሊያስተምር የመጣ ዓረፍተ ነገር ሳይታሰብ ፍርድ ሆኖ ይገኛል። በዓመቱ በ1909 ያሳተሙትን “ዳግማዊ ምኒልክ”ን ስናነብ ደግሞ ውዳሴ ነው። አገሬው ያነበዋል ተብሎ የተጻፈው መጽሐፍ ያመሰግናል፤ ባዕድ ያነበዋል ተብሎ የተጻፈው ይወቅሳል። አማርኛው ከፈረንሳይኛው ጎን መታተሙን አልረሳሁም፤ በሩ ገርበብ ብሏል። የመጽሐፉ መንገድ ግን ወደ ባላገሩ አልነበረም፤ በመርከብ ወደሚመጣው ሰው ነበር።

ወቀሳው እውነት ነበር፤ አፈወርቅን በዚህ አልነቅፋቸውም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ወቀሳን በሕዝቡ ቋንቋ ለሕዝቡ የተናገረ ሰው፣ ያ ሕዝብ መጥቶ “ይህን ብለህ ነበር፤ አንተስ የት ቆመሃል?” ይለዋል። ወታደር የበላው ባላገር አፈወርቅን እንዲህ ብሎ ሊጠይቃቸው አይችልም፤ ስለ እሱ መጻፋቸውን የት አይቶ? ጠያቂ የሌለው ሐያሲ ነፃ ይመስላል፤ ነገር ግን ወዴትም ሊወሰድ ይችላል። ባዕዱ አንባቢ ደግሞ የሰማውን ለራሱ ጉዳይ ያውለዋል። በ1935 ጣሊያን ለጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን የሚከስ ረጅም ማስታወሻ ስታቀርብ ባርነቱን፣ ግፉን፣ ሥርዓት ማጣቱን እየዘረዘረች ነበር። ከዝርዝሩ እውነት የሆነ ነበረበት። እውነቱን ግን የያዘው እጅ አገር ሊወርር የተዘረጋ እጅ ነው።

በዚያች ዓመት የሁለቱ ሰዎች ዕጣ ተለያየ። አፈወርቅ እስከ ወረራው ድረስ በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ከፋሺስቶች ጋር አበሩ፤ አፈ ቄሣር የሚል ስምም ተሰጣቸው። ነፃነት ሲመለስ ጅማ ተግዘው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ በ1947 ሞቱ። ተውኔታቸው የታገደባቸው ተክለ ሐዋርያት ግን በ1935 ጄኔቫ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው የተሟገቱት ናቸው። የሠሩበት ቋንቋ ብቻ ይህን አደረገ አልልም፤ የሰው ሕይወት እንዲህ ባለ አንድ ክር አይታሰርም። ይሁን እንጂ በገዛ ወገኑ ፊት ተናግሮ ዋጋ የከፈለ ሰው ከወገኑ ጋር በክርክር ውስጥ ነው ያለው። ክርክር ደግሞ ዝምድና ነው። ያን ዝምድና በፈረንሳይኛው መነጋገሪያ ውስጥ ፈልጌ አጣዋለሁ።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን የተረዱ ይመስለኛል። እሳቸውም አውሮፓ የተማሩ፣ ጀርመንኛ የሚጽፉ የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ኋላም በሐረርጌ በኩል ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። “አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ”ን በአማርኛ ጻፉ። “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር”ንም በአማርኛ ጻፉ፤ በ1919 በወጣትነታቸው ስለሞቱ ታትሞ አላዩትም፤ የወጣው በ1924 ነው። የምጣኔ ሀብትን ነገር፣ ባዕድ ሸቀጥ ገብቶ የአገር ሀብት እንዴት እንደሚወጣ፣ ያልተማረ ሕዝብ እንዴት ለሌላው እንደሚሠራ በዚያ ዘመን አማርኛ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ገጾቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ዓረፍተ ነገሩ አንዳንድ ቦታ ይጎብጣል። በጀርመንኛ ቢጽፉት ይቀላቸው ነበር። ያን ድካም እወድላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ግን ከዚራ ዝም አታሰኝም። አማርኛ የሁሉም ቋንቋ እንደሆነ አድርጌ ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ ገጠሩ ለወጣ ሰው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ገብረ ሕይወት ያዘኑለት የሐረርጌ አራሽ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ከብቱን ወደ ቆላ የሚያወርደው ሶማልኛ ነው የሚናገረው። ለእነሱ ግልጹ አማርኛ ራሱ የቢሮ፣ የፍርድ ቤት፣ የጉምሩክ ቋንቋ ነበር፤ ሹሙ የሚሰማው፣ እነሱ አስተርጓሚ የሚለምኑበት። ግዕዝ ለአማርኛ ተናጋሪው ባላገር እንደነበረ፣ አማርኛም ለብዙው የዚህ አገር ሰው እንደዚያ ሆኖ ኖሯል። ይህን ሳይል ስለ ሊቃውንት ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

በዚህ በኩል ደግሞ ሶማሌዎች የሚያስተምሩን አለ። ሰይድ ሙሐመድ አብዱላህ ሐሰን ለሃያ ዓመት ያህል ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ ግጥማቸው ከጠመንጃቸው እኩል ይፈራ ነበር። ዘለፋቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰማ እረኛው በቃሉ ይዞት ከውኃ ጉድጓድ ወደ ውኃ ጉድጓድ ይሄዳል። በ1913 ዱል መዶባ ላይ የእንግሊዙ መኮንን ሪቻርድ ኮርፊልድ ሲገደል ስለ ሞቱ የገጠሙት ግጥም ዛሬም ድረስ በሶማሌዎች ዘንድ ይታወቃል። እሳቸው በ1920 ኢሚ ላይ ሲሞቱ ግጥማቸው አልሞተም። ሰይዱ ርኅሩኅ ሰው አልነበሩም፤ ዘለፋቸው የገዛ ወገናቸውን ጎሣ ሳይቀር ያቆስል ነበር፤ በሕዝብ ቋንቋ የተነገረ ነገር ሁሉ ጽድቅ ነው ማለቴም አይደለም። ግን የተዘለፈው ጎሣ በዚያው ቋንቋ ገጥሞ ይመልስ ነበር። በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ በቅኔ ማሕሌቱ ደጅ፣ በነጋድራሱ መነጋገሪያ ውስጥ ያልነበረው ይህ ነው፤ መመለስ መቻል።

የዛሬውን የሊቃውንት ቋንቋ ከዚራ ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ አገኘዋለሁ። ስለ ገጠር ቀበሌዎቻችን ውኃ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ጎርፍ ጥናት ይቀርባል። በኦገስት 2006 ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ከወሰደ ወዲህ የጎርፉ ጥናት በዝቷል። ስክሪኑ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ነው። ከጥናቶቹ መካከል ደፋሮች አሉ፤ መመሪያው የት እንደተሳሳተ፣ በጀቱ የት እንደቀረ፣ ማን ሳይጠየቅ እንደተወሰነ ይናገራሉ። በአዳራሹ የተቀመጠው ኃላፊ ያዳምጣል፤ ማስታወሻ ይይዛል፤ አስተያየቱን ያመሰግናል። አይቆጣም። ወቀሳው ከአዳራሹ እንደማይወጣ ያውቃል። ጥናቱ ተጠርዞ ከመደርደሪያ ይገባል።

አጥኚዎቹን አከብራቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በፀሐይ ተንከራተው ያመጡት እውነት ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያ ጥናት በእንግሊዝኛ ከመቅረቡ በፊት ዋሂል ላይ በኦሮምኛ፣ ጀልዴሳ ላይ በሶማልኛና በኦሮምኛ፣ እዚህ ደቻቱ ዳር ጎርፉ ቤታቸውን ለወሰደባቸው ሰዎች በአማርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የተጻፈላቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ይስሙት፤ “ይህ ልክ ነው፣ ይህ ተጋንኗል፣ ይህን ደግሞ ረስታችኋል” ይበሉ፤ ስማቸው እንዲገባ የሚሹት ይግባ፣ የማይሹት ይውጣ። ኃላፊውም ይጠራ፤ እዚያው ዛፍ ሥር ይቀመጥ፤ እነሱ እየሰሙት እሱም ይስማ።